የከበሮው ትንሹ ፊት

በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ የእህቴ ልጅ ብቻዋን የገባችበት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከሐይቁ ዳር ተላቆ ወደ ውስጥ ሄደ። ልጅቱ አምስት ዓመቷ ነው። ዋና አትችልም። እኔም አልችልም።

ከዚህ በታች የምጽፈው ያየሁትን ነው። ያላየሁትን ከማን እንደሰማሁ እናገራለሁ። ስልኬ በሰዓቱ እየቀረፀ ነበር። መሃል ላይ ከእጄ ወድቆ ምስሉ ሰማይ ብቻ ሆኗል፤ ድምፁ ግን እስከ መጨረሻው አለ። ቅደም ተከተሉን ያረጋገጥሁት ከዚያ ነው። ቅጂው ባይኖር ኖሮ አንዳንዱን ነገር ራሴም አላምነውም ነበር።

ሐይቅ ከተማ የመጣሁት የዓመት ፈቃዴን ለማሳለፍ ነው። እናቴ እዚያ ትኖራለች። የእህቴን ልጅ የምታሳድጋትም እሷ ናት። እህቴ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ልጇን ጥላት የሄደችው ገና ጡት እንደጣለች ነው። አርብ አርብ በስልክ ይተያያሉ። ከመምጣቴ በፊት እህቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ኬጂ ስትዘፍን ቅረፅልኝ» አለችኝ። «እማዬ ስትቀርፅ የራሷ ጣት ነው የሚታየኝ።»

የኬጂዋ አስተማሪ ከአምባሰል በኩል የመጣች ወጣት ናት። ልጆቹም ወላጆቹም «ቲቸር» ይሏታል። የተሰጣት ክፍል ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። ከበሮ ስትመታ ከጎን ያለው ክፍል አስተማሪ ትምህርቱን አቁሞ እስክትጨርስ እንደሚጠብቅ ነገረችኝ። «አንድ ቀን እሱም መጥቶ ጨፈረ» አለች፤ የምትቀልድ ይሁን አይሁን አላረጋገጥሁም። በዚህ ምክንያት ማክሰኞ ማክሰኞ ልጆቹን ይዛ ከትምህርት ቤቱ በታች ወዳለው መስክ ትወርዳለች። መስኩ የሚያበቃው ሐይቁ ዳር ነው። ዳሩ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ከሾላው ማለፍ ክልክል ነው፤ ልጆቹም ይህን ሕግ አጥብቀው ይይዛሉ። በዚያን ቀንም ከሾላው ያለፈ ልጅ አልነበረም። ክረምቱ ከባድ ስለነበር ሐይቁ ሞልቶ ውሃው ራሱ እስከ ሾላው ሥር መጥቶ ነበር።

ቲቸር ያን ሰሞን የምታስተምረው ተቃራኒዎችን ነው። ላይና ታች፣ ሩቅና ቅርብ፣ ፈጠን ማለትና ቀስ ማለት፣ ጩኸትና ዝምታ። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አልነበራትም። የነበራት ከበሮና ድምፅ ነው። በአምባሰል ቅኝት ራሷ ባወጣችው ዜማ «ተነሱ ተነሱ እንደ ሸምበቆው» ስትል ልጆቹ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይቆማሉ። «ተቀመጡ ተቀመጡ እንደ ድንጋዩ» ስትል ዱብ ዱብ እያሉ ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ። ምቱን ማስተማር አላስፈለጋትም። በዚያ አገር መንዙማ በሚባልበት ቤት ያደገ ልጅ ከመናገሩ በፊት ማጨብጨብ ይችላል። እሷ ቃሉን ምቱ ላይ ጫነችው፤ ይኸው ነው።

ከበሮው ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ። የትልቁ ድምፅ ወፍራም፣ የትንሹ ቀጭን ነው። ትልቁ ፊት ከተመታ ልጆቹ የተባሉትን ያደርጋሉ። ትንሹ ፊት ሲመታ ግን ልጆቹ «ግልብጥ» የሚሉት ጨዋታ ይጀምራል። በግልብጥ የተባሉትን ሳይሆን ተቃራኒውን ነው የሚያደርጉት፤ ተነሱ ሲባሉ ይቀመጣሉ፣ ዝም በሉ ሲባሉ ይጮኻሉ። የተሳሳተ ይወጣል። ግልብጥ የሚያበቃው ትልቁ ፊት ሲመታ ብቻ ነው።

«የእህትዎ ልጅ ወጥታ አታውቅም» አለችኝ ቲቸር በዚያው ጠዋት፣ ወደ መስኩ ስንወርድ። «ሌሎቹ ይስቃሉ፣ ይረሱታል። እሷ አትረሳም። ባለፈው ግልብጡን ሳልዘጋው ደወል ተደውሎ ወደ ቤት ሄደች። ማታውኑ እናትዎ መጡብኝ።»

እናቴ ከጎናችን ነበረች። ልጅቱ መስክ በምትወርድበት ቀን አብራ ትወርዳለች፤ ዳቦና ውሃ ትይዝላታለች።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች እናቴ። «ብይ ስላት ሳህኑን ትገፋለች። ተኚ ስላት አልጋው ላይ ትዘላለች። ዝም በይ ስላት ጎረቤቱን ታስደነግጣለች። ወላሂ፣ ቁርዓን ላስቀራባት ነበር።»

«ከበሮውን ይዤ ቤታቸው ሄድሁ» አለች ቲቸር እየሳቀች። «ትልቁን ፊት አንዴ መታሁላት። ቁጭ ብላ እራቷን በላች።»

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ቅጂው ላይ አለ።

መስኩ ላይ ስንደርስ ከሾላው ሥር አንድ የእንጨት ጀልባ ነበር፤ አፍንጫው ሣሩ ላይ፣ ኋላው ውሃው ላይ። ባለቤቱን ኋላ ላይ አነጋግሬዋለሁ። ብዙ ዓመት አረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ጎልማሳ ነው፤ አሁን ዓሣ ያጠምዳል። በዚያን ጠዋት የያዘውን ዓሣ ለገዢ ለማስረከብ ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ነበር። ጀልባውን አላሰረውም። ወዲያው ስለሚመለስ ማሰር አላስፈለገውም፤ ሌላ ጊዜም አያስረውም።

ቲቸር ሣሩ ላይ ገመድ በክብ አነጠፈች። የዕለቱ ትምህርት ውስጥና ውጭ ነበር። የዕለቱ ከበሮ መቺ ደግሞ የእህቴ ልጅ። ከበሮው በአንገቷ ተንጠልጥሎ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል። ቲቸር «ውስጥ» ብላ ስትዘፍን ልጆቹ ወደ ክቡ ይዘላሉ፣ «ውጭ» ስትል ይወጣሉ። ይህን ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ቲቸር በዐይኗ ምልክት ሰጠች፤ ልጅቱም ከበሮውን አዙራ ትንሹን ፊት መታች። ግልብጥ ተጀመረ።

ቲቸር «ውጭ ውጭ ውጭ» እያለች ዘፈነች። ልጆቹ እየተገፋፉ ክቡ ውስጥ ገቡ። ክቡ ሞላ። የእህቴ ልጅ ከነከበሮዋ የምትገባበት ቦታ አጣች። ቅጂው ላይ ግራ ቀኙን ስታይ ትታያለች። የምትፈልገው አንድ «ውስጥ» ነበር። ሮጣ ጀልባው ውስጥ ገባች፤ ከበሮውን ከአንገቷ አውልቃ ወደ ጀልባው ጫፍ አስቀመጠችው። ቦታ ያጡ ሌሎች ሁለት ልጆችም ተከትለዋት ለመግባት ጀልባውን በሆዳቸው ተደገፉት። ጀልባው ተንሸራተተ። ምንም ድምፅ አላሰማም። ሁለቱ ልጆች ሣሩ ላይ ቀሩ።

እኔ ይህን ያየሁት በስልኬ መስታወት ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ትንሽ ይመስላል። ምን እንደሆነ እስክገነዘብ መቅረፄን አላቋረጥሁም። በሣሩና በጀልባው መካከል ያለው ውሃ ሲሰፋ አየሁ። ከዚያ ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

የሐይቁን ዳር የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከዳር ጥቂት እንደተሄደ መሬቱ ድንገት ይጠፋል። ነፋሱ ከከተማው በኩል ተነስቶ ነበር። ጀልባውን የሚገፋው ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ገዳም ዛፎች አቅጣጫ ነው፤ በዚያና በእኛ መካከል ያለው ውሃ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጮኸችው እናቴ ናት።

«ቁጭ በይ! ቁጭ በይ የኔ እናት!»

ልጅቱ ተቀምጣ ነበር። ይህን ስትሰማ ተነሳች። ጀልባው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ።

ቲቸርም ጮኸች፤ «ተቀመጪ! ተቀመጪ!» ሌላ የወንድ ድምፅም አብሮ ይሰማል። ድምፁ የእኔ ነው። መጮኼን አላስታውስም። በጮኽን ቁጥር ልጅቱ ይበልጥ ተንጠራርታ ቆመች፤ እጆቿን እንደ ሸምበቆ ወደ ላይ ዘረጋች፤ ትስቃለች። እናቴ «አትንቀሳቀሺ!» አለች። ልጅቱ መዝለል ጀመረች።

በጋዜጠኝነት ሥራዬ አስፈሪ ቦታ ቆሜ አውቃለሁ። እዚያ ግን የማውቀው ሰው አልነበረም። ወደ ውሃው ገብቼ እስከ ወገቤ ስደርስ እግሬ መሬት አጣ፤ ጭቃውን በእጄ ቧጥጬ ተመለስሁ። ያኔ በአእምሮዬ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አርብ ዕለት ስልኩ ሲጠራ ማን ያነሳዋል?

ስመለስ ፊቴ ወደ መስኩ ዞረ። ልጆቹ በሙሉ ቆመዋል። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል። ቲቸር ወደ እነሱ ዞራ «ቁጭ በሉ፣ ዝም በሉ!» አለቻቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኹ። አንድ ልጅ ብቻ እያለቀሰ ሊቀመጥ ሲል አጠገቡ የቆመው ክንዱን ያዘው።

«ቁጭ አትበል፤ ትወጣለህ» አለው።

ቲቸርን በትከሻዋ ይዤ ወደ እኔ አዞርኋት።

«ቲቸር፣ ግልብጡ አልተዘጋም።»

አየችኝ። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ፣ ከበሮው ወደሚንጠለጠልበት። ከዚያ ወደ ጀልባው አየች። ከበሮው ጀልባው ጫፍ ላይ ነበር።

በዚህ መሃል ዓሣ አጥማጁ ከአስፋልቱ እየሮጠ ደረሰ። ጫማውን አወለቀ። «ሌሎቹ ጀልባዎች ከሐይቁ ማዶ ናቸው፣ ዋኝቼ ነው የምደርስባት» አለ። «ብቻ ትቀመጥ» አለን። «ቆማ እያለች ጀልባውን ብነካው ትወድቃለች።» እናም ገባ።

እኔ ቲቸርን «‹ትንሹን ምቺ› እንበላት» አልኋት። ግልብጥ ስለሆነ ትልቁን ትመታለች፤ ጨዋታው ይዘጋል፤ ከዚያ የምንላትን ትሰማለች። ቲቸር ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«ከበሮው ጋ ለመድረስ መሄድ አለባት። ደግሞ ከተዘጋ፣ የት እንዳለች ታያለች። አሁን አልፈራችም። አይተዋታል? አልፈራችም።»

«እና?»

«ጨዋታው ይቀጥላል።»

ወደ ውሃው እስከ ጉልበቷ ገባች፤ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣላትም። እንደገና ሞከረች። መጀመሪያ እንደ ሳል ያለ ነገር ወጣ፤ ከዚያ ዜማው መጣ።

«ተነሽ ተነሽ እንደ ሸምበቆው…»

ልጅቱ ዱብ ብላ ተቀመጠች። ከኋላችንም ልጆቹ በሙሉ ሣሩ ላይ ዱብ ዱብ አሉ።

እናቴ የተነጋገርነውን አልሰማችም፤ የሰማችው «ተነሽ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ቲቸርን ከኋላ ሻርፗን ያዘቻት።

«አንች ምን ሆነሻል? ውሃ ላይ ያለችን ልጅ ተነሽ ትያታለሽ? ልትጨርሻት ነው?» ከዚያ ወደ ሐይቁ፤ «ቁጭ በይ ልጄ! እኔን ስሚኝ፣ ቁጭ በይ!»

ልጅቱ የአያቷን ድምፅ ታውቃለች። ተነሳች። በዚህ ጊዜ ጀልባው እስከ ጠርዙ አዘነበለና ውሃ ገባበት። ልጅቱ በእጇ አየሩን ቀዘፈች። ከዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሲጮኹ ይሰማል። አልወደቀችም። ለምን እንዳልወደቀች አላውቅም።

እጄን እናቴ አፍ ላይ አደረግሁ። በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀው ነገር ነው። ዐይኗ አፈጠጠብኝ።

«እማዬ፣ የዚያን ቀን እራቷን አስታውሺ» አልኋት። «ሳህኑን። ብይ ስትያት የገፋችውን።»

እጄን ሳነሳ አልጮኸችም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱዓ እያደረገች መሰለኝ። ከዚያ ከቲቸር ጎን ውሃው ውስጥ ገብታ ቆመች።

«ተነሽ» አለች። ሁለተኛው ላይ ድምፏ ተሰነጠቀ። «ተነሽ የኔ እናት፣ ተነሽ። ያረቢ፣ ይቅር በለኝ፣ ተነሽ።»

ልጅቱ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ ሰው ማስቆም ነበር። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ከአስፋልቱ እየሮጠ ይወርዳል፤ የደረሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ቁጭ በይ ነው። ከጤነኛ ሰው አፍ የሚወጣው ሌላ ቃል የለም። ከዳገቱ ሥር ሆኜ አንድ በአንድ እየያዝሁ ዝም በሉ እላለሁ። መጮህ የፈለገ ተነሽ ብሎ ይጩህ እላለሁ። ጃንጥላ የያዙ አንድ ሽማግሌ እጄን ገፍተው አለፉኝ።

«እናንተ ሰዎች ጤና ናችሁ?»

«ጤና ነን አባባ። ተነሽ ይበሏት።»

«ኧረ በአላህ! ሕፃን ልጅ ውሃ ላይ!»

«እባክዎ፣ ይዩኝ። ተነሽ ሲሏት ነው የምትቀመጠው።»

ሽማግሌው ወደ ሐይቁ አዩ፤ ወደ ልጆቹ አዩ። የምናገረውን ያመኑ አይመስለኝም። ግን ጃንጥላቸውን አጥፈው ዳሩ ላይ ቆሙና በወፍራም ድምፃቸው ያዜሙ ጀመር። ልብስ አጣቢዎቹም ዜማውን ያዙት። ዜማው ከባድ አይደለም፤ እዚያ አገር ያደገ ሰው አንዴ ከሰማው ይይዘዋል። የሐይቁ ዳር ሰው በሙሉ ቆሞ ተነሽ ይላል። ከኋላችን ልጆቹ እንደ ድንጋይ ተቀምጠዋል። መሃል ሐይቁ ላይ ልጅቱ ተቀምጣለች። ውሃው ጀልባው ውስጥ እስከ ጭኗ ደርሷል። የቀሚሷ ጫፍ ሲንሳፈፍ ይታየኛል።

ዓሣ አጥማጁ ገና መንገድ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ይታያል፣ ይጠፋል።

ጀልባው ውስጥ የገባው ውሃ ከበሮውን አንሳፈፈው። ከበሮው ከጫፉ ተነስቶ ወደ ጠርዙ ሲሄድ አየሁ። እሷም አየችው። የዕለቱ ከበሮ መቺ እሷ ናት፤ ከበሮው የእሷ ኃላፊነት ነው። አንድ እጇን ከጀልባው ጠርዝ ለቅቃ ወደ ከበሮው ዘረጋች። ጀልባው ተከትሏት አዘነበለ።

እኔ አትንኪው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ጥርሴን ገጥሜ ዋጥሁት። ቲቸር ቀደመችኝ።

«ያዢው! ያዢው ያዢው ያዢው!» በዜማው፣ ሳታቋርጥ።

እጇ አየር ላይ ቆመ። ከበሮውን ታያለች፤ ወደ እኛ ታያለች። ይህ ምን ያህል እንደቆየ ከቅጂው ማወቅ ይቻል ነበር፤ አልቆጠርሁትም። እጇን መልሳ ጠርዙን ያዘች። ከበሮው ጠርዙን ገጭቶ ተመልሶ ወደ እግሯ ሄደ።

ቀጥሎ ያለውን የነገረኝ ዓሣ አጥማጁ ነው። ጀልባው ጋ ሲደርስ ሊያናግራት ፈልጎ ነበር፤ የትኛው ቃል የትኛው እንደሆነ ጠፋበት። «አብሽሪ፣ አይዞሽ ልላት ፈለግሁ» አለኝ፤ «ከዚያ ተቃራኒው ምን እንደሆነ አላወቅሁም።» ስለዚህ ዝም አለ። ከጀልባው አፍንጫ የተንጠለጠለውን ገመድ ክንዱ ላይ ጠቅልሎ በአንድ እጁ መዋኘት ጀመረ። ልጅቱ ከላይ ሆና ታየው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አናገረችው።

«አንተም ግልብጥ ነህ?» አለችው።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላት።

የቲቸር ድምፅ ከግማሽ መንገድ በኋላ ዘጋ። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይወጣም። ዜማውን ይዛ የቀጠለችው እናቴ ናት። እናቴ ስትዘፍን ሰምቼ አላውቅም ነበር። በሠርግም አትዘፍንም። ዐይኗ ከጀልባው ሳይነቀል፣ እጇን ጉልበቷ ላይ እየመታች፣ ተነሽ ተነሽ ትላለች። ጀልባው ሊጠጋ ሲል እኔም ሌሎች ሁለት ሰዎችም እስከ ወገባችን ገብተን ያዝነው። ዳር እስኪነካ ድረስ ማንም ዘፈኑን አላቆመም።

እናቴ እጇን ዘረጋች።

«ነይ» አለቻት። አመለጣት።

ልጅቱ ወደ ጀልባው ኋላ አፈገፈገች። የጀልባው ኋላ አሁንም ውሃ ላይ ነው፤ ከዚያ ያለው ጥልቅ ነው።

እናቴ እጇን አላጠፈችም። እንባዋ በአገጯ ይወርድ ነበር።

«ሂጂ» አለች። «ሂጂ ልጄ። ከኔ ሂጂ። ሩቅ ሂጂ።»

ልጅቱ ተነስታ መጣች። አያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እርጥብ ነበረች፤ ፊቷ ላይ ግን ፍርሃት አልነበረም። ዙሪያውን የቆመውን ሰው እያየች ነበር።

«አልወጣሁም» አለች። «አንዴም አልወጣሁም።»

«አልወጣሽም» አለች ቲቸር። የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ከበሮውን ከጀልባው አንስታ በእጇ ጠርጋ ውሃውን አራገፈችው። ሣሩ ላይ አስቀመጠችውና ተንበረከከች። መስኩ ላይ ያሉት ልጆች አሁንም እንደ ድንጋይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሽማግሌውም ጃንጥላቸውን እንደያዙ ይጠብቃሉ።

«ትንሹን ምቺ» አለቻት።

ልጅቱ ከአያቷ እቅፍ ወረደች። ከበሮውን አዞረች። ትልቁን ፊት በመዳፏ አንድ ጊዜ መታችው። ቆዳው ርሶ ስለነበር ድምፁ ደካማ ነው፤ ቅጂው ላይ ግን ይሰማል።

ልጆቹ እየተንጫጩ ተነሱ። ልጅቱ ወደ ሐይቁ ዞረች፤ ጀልባው የነበረበትን ውሃ ለትንሽ ጊዜ አየችው። አገጯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ቅጂው ላይ የሚሰማው የእሷ ለቅሶ ነው።

«ቁጭ በይ የኔ እናት» አለቻት እናቴ።

ቁጭ አለች።